ሳትነሳ የደረሰችው ልጄ

ያልተማረ ሰው አንዴ ይሳሳትና ያበቃለታል። ትንሽ የተማረ ግን ስሕተቱን ይደምረዋል፣ ያባዛዋል፣ ከዚያም ለጎረቤት ያካፍለዋል። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። መደመር እችላለሁ። ያን ቀን ጉድ የሠራኝም ይኸው መደመሬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ሀዊ የምትባል ልጅ አለችኝ። ዱባይ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ሰው ቤት ነበረች፣ ኋላ ጫማ ሱቅ ገባች፣ አሁን ደግሞ የሱቁ ባለቤት አምነዋት «ቻይና ሄደሽ ጫማ መርጠሽ ነይ» አሏት። አስቡት እንግዲህ! አሰላ ገበያ ጫማ ግዢ ብዬ ልኬያት ሁለት የቀኝ እግር ይዛ የመጣች ልጅ፣ ለሰው አገር ሱቅ ጫማ መራጭ ሆነች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፍርሃቴም እንደዚያው።

የምትሄድበት ከተማ ጓንዡ ይባላል። ስሙን ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። «ከዱባይ ምን ያህል ይርቃል?» ብላት «ወደ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል» አለችኝ። እኔ በእግሬም በመኪናም የማውቀው ርቀት በቆጂ ነው፤ እህቴ እዚያ ናት። ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ይላሉ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ የምንቀመጠው ግን ከመንገዱ ይረዝማል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በቆጂ ሃምሳ ጊዜ ደርሶ መልስ! ያውም መሬት ሳይነኩ!

ባለቤቴ ገመዳ ጋሪ ነጂ ነው። ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ፈረሱ ስንት ቦታ ውሃ ይጠጣል?» አለኝ። ከእሱ ጋር አገር አቋራጭ ነገር አይወራም።

«ሰባት ሰዓት ተኩል ነው የምንበረው እማ፣ ምንም አይደለም» አለችኝ ሀዊ።

«ሰባት ሰዓት ተኩል ሙሉ መውረጃ የለም?»

«የለም።»

«ወራጅ አለ ብትዪስ?»

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። «ወራጅ አለ» ተብሎ የማይቆም ነገር ላይ ሰው እንዴት ይሳፈራል?

አሁን ለጎረቤት ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ሀዊ የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሄድ መናኸሪያ አልሸኘኋትም። «ድንች የሚገዙኝ ሰዎች ገበያ ቀጥረውኛል» አልኳትና እቤት ተሰናብቼ ቀረሁ። የቀጠረኝ ሰው አልነበረም። ፈርቼ ነው። አውቶቡሱ በር ላይ እንደማለቅስ፣ አልቅሼም እግሯን ይዤ እንደማስቀራት አውቅ ነበር። እናት ልጇን ሳትመርቅ፣ እትፍ እትፍ ሳትልባት መንገድ ትሰዳለች? እኔ ሰደድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህቺ ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆማለች። ስለዚህ ማልኩ። አሁን ግን አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ደውዬ፣ ስልኩ ላይም ቢሆን እትፍ እትፍ ብዬ፣ በወጉ መርቄ እሸኛታለሁ።

ከመንገዷ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ይህ መልእክት መጣ፦ «እማ፣ ነገ 3:15 እነሳለሁ፣ 10:45 ጓንዡ እገባለሁ። አታስቢ።»

«አታስቢ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እናት ሆኖ አያውቅም፤ ይህን እንለፈው። ትምህርቴ የነቃው ሰዓቱ ላይ ነው። ዱባይ የሚኖረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ይህን ማን ያጣዋል? እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ስንል እነሱ ሰባት ይላሉ። ልዩነቱ ስድስት ነው። እንግዲህ ሦስት ሲደመር ስድስት፣ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ከሰዓት በኋላ! ራሴን በራሴ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ሌላዋ እናት ብትሆን ሦስት ከሩብ መስሏት ትሞኝ ነበር አልኩ።

ገመዳ የጋሪውን ጎማ ግራሶ እየቀባ ነበር። ሒሳቤን ስነግረው ቀና እንኳን አላለም።

«ልጅሽ ለአንቺ ነው የጻፈችልሽ» አለኝ። «ሦስት ካለች ሦስት ነው።»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ጋሪ መቼ ሰዓት ኖሮት ያውቃል?»

ጎማውን መቀባቱን ቀጠለ። ገመዳ እውነቱን አንዴ ተናግሮ ዝም የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ጊዜም ሰሚ የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ሰፊ ጊዜ እንዳለው ሰው ጓሮ ገብቼ ድንቼን ስቆፍር ቆየሁ። አራት ሰዓት ሲሆን እጄን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ደወልኩ። በኢንተርኔቱ ነው የምንደዋወለው። አይጠራም። ደግሜ ደወልኩ። አይጠራም። የድምፅ መልእክት ላክሁ፦ «ሀዊዬ፣ እንዴት አደርሽ፣ ስትነሺ ደውዪልኝ።» መልእክት ሲደርሳት ሁለት ራይት ነበር የሚመጣው። ዛሬ አንዲቷ ብቻ መጥታ ገበያ ላይ ጓደኛዋ እንደጠፋችባት ሴት ቆማ ቀረች።

አምስት ሰዓት ላይ ያው አንዲት ራይት። መልእክቶቼ በዙ። ሦስተኛው «ቁርስ በላሽ?» ይላል። አምስተኛው «ያኮረፍሽኝ ነገር ካለ ንገሪኝ» ይላል። ሰባተኛው «ፓስፖርትሽን የቀማሽ ሰው ካለ ስሙን ብቻ ላኪልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» ይላል። ስሙን ብትልክልኝ ምን እንደማደርግ አሁንም አላውቅም። የገመዳን ጋሪ ይዤ ዱባይ የምገባ መስሎኝ ይሆናል።

ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤቴ ሶፊያ በአጥሩ ብቅ አለች። ልጇ ሪያድ ናት። ሶፊያ ዓረብ አገር ሄዳ አታውቅም፤ ዓረብ አገርን ግን ጨርሳ ታውቀዋለች።

«ማል ታቴ?» አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው።

«የሀዊ ስልክ ዝግ ነው።»

«የምትነሳው በስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከሩብ።»

«እንግዲያ ገና እቤቷ ናት። እቤቷ ሆና ስልኳን የምትዘጋ ልጅ ደግሞ…» አለችና ዝም።

ሶፊያ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። ያልጨረሰችውን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ እየጨረስኩም እሞታለሁ።

«ደግሞ ምን? ተናገሪው!»

«አይ፣ ምንም። ቆይ፣ የዱባይን አንድ ሰዓት ደምረሽዋል?»

«የምን አንድ ሰዓት?»

«ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች እኮ። ጨምሪበት!»

ጨመርኩበት። አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ። የሚቀድም አገር ሰዓቱ ይቀነሳል ወይስ ይጨመራል ብዬ ለመጠየቅ ፋታ አልነበረኝም። ጊዜ ስለተጨመረልኝ እንዲያውም ደስ አለኝ። መናኸሪያ ደርሼ መኪናው ገና አልሞላም የተባልኩ ያህል ነበር።

ስልኳ ግን እንደተዘጋ ነው። «ጋሽ ተሰማን እንጥራ» አለች ሶፊያ። ጋሽ ተሰማ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ሰዓት ሲቆጣጠሩ ኖረዋል። ግራ እጃቸው ላይ የሐበሻ ሰዓት፣ ቀኝ እጃቸው ላይ የፈረንጅ ሰዓት ያስራሉ። ሁለቱ በሰባት ደቂቃ ስለማይስማሙ ጋሽ ተሰማ ሰዓት ሲጠየቁ አስታርቀው ነው የሚናገሩት።

የሀዊን መልእክት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የሳሙና ካርቶን ቀደዱና እርሳሳቸውን በምላሳቸው አረጠቡ።

«ቻይና» አሉ፣ «ከዱባይ በአራት ሰዓት ትቀድማለች። ይህን አስባችኋል?»

ሶፊያና እኔ ተያየን። አላሰብንም።

«አያችሁ! 10:45 የምትለው የቻይናን ሰዓት ነው። አራቱን ስንቀንስ ስድስት ከአርባ አምስት። ከሦስት ከሩብ እስከ ስድስት ከአርባ አምስት ስንት ነው?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል» አልኩ። መደመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም እችላለሁ ለካ።

«ርቀቱስ?»

«ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር።»

ጋሽ ተሰማ እርሳሱን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሐኪም እንዲህ ሲያደርግ ዘመድ ነው የሚጠራው።

«የእኔ እህት» አሉኝ፣ «ይሄ አውሮፕላን አይደለም። ጥይት ነው።»

«ሰባት ሰዓት ተኩል ብላኝ ነበር እኮ!»

«እናት እንዳትደነግጥ ብላ ይሆናላ።»

አሥራ አንደኛው መልእክቴ የተላከው በዚህ ሰዓት ነው። «ሀዊዬ፣ አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ይፈጥናል አሉ። ለሹፌሩ ቀስ በል በይው። ቻይና የትም አትሄድም!» አሥራ ሁለተኛው «ባይሆን ሌላ አውሮፕላን ጠብቂ፣ ያልሞላ አይጠፋም» ይላል። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሶፊያም ገብታበታለች፤ «መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጪ፣ ንፋስ ያስገባል» የምትለው እሷ ናት።

ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፣ የዚያች አንዲት ራይት ጓደኛ አልመጣችም። ገመዳ ከሥራ ገብቶ ምሳውን በላ። ጋሽ ተሰማ ሒሳቡን ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠሩ ሌላ መልስ መጣላቸው፤ ካርቶኑን ገለበጡት። ሶፊያ በጀመረችው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ልጄ አንዴ ትታሰራለች፣ አንዴ ትታመማለች። እኔ ወደ ኩሽና ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

አሥራ ዘጠነኛዋን መልእክት እዚያ ነው የቀዳሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ልጄ… ያን ጊዜ ስትሄጂ ገበያ የቀጠረኝ ሰው አልነበረም። ዋሽቼሽ ነው። ፈርቼ ነው። ዛሬ ልመርቅሽ ነበር የደወልኩት፣ ዛሬም አመለጥሽኝ እንዴ? ስልክሽን ክፈቺው። አንዴ ብቻ።»

ከላክሁት በኋላ ልሰርዘው ፈለግሁ፤ መሰረዝ አልችልም። አራተኛ ክፍል እዚያ ድረስ አያስተምርም።

ስወጣ ዓይኔን ያየ ሁሉ ሒሳቡን ተወ። ሶፊያ እንኳን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰች፦ «ዱዓ እናድርግላት።» እውነቷን ነው። ሰው ስልክ ሲዘጋበት ሌላ የሚደወልበት አለ። አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ከሆነ የሚነሳው፣ እኩል እንነሳ ተባለ። እሷ ከመሬት ስትለቅ ዱዓው ከአሰላ ይለቅና መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የሰፈራችን ሼህ አማን ተጠሩ። ጩኮ ቀረበ። የገብሱን ዱቄት በቅቤ ያሸሁት ራሴ ነኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር እንደዚያ ቀን ተዋሕዶልኝ አያውቅም። ጋሽ ተሰማ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን «አሜን ለማለት ፈረቃ የለውም» ብለው ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሁለቱን እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ ሁለቱም ሰዓቶች ታዩ። ልክ አሥር ከሩብ ላይ፣ ያም ማለት አስታርቀው፣ «አሁን!» አሉ።

«ያ አላህ፣ በሰላም አስነሳት» ብለው ጀመሩ ሼህ አማን።

«አሚን!»

የሼህ አማን ዱዓ የራሱ ጉዞ አለው። ከሀዊ ተነሳ። አሰላን መረቀ፣ በቆጂ ወጥቶ የገብሱን ማሳ ከውርጭ ጠበቀ፣ አቦምሳ ወርዶ ለከብቶቹ ዝናብ ለመነ፣ ሲመለስ የገመዳን ፈረስ ሳይቀር ጎበኘው። እኛ «አሚን» እያልን እንከተላለን። እኔ ግን ልቤ አየር ላይ ነው፤ ይኸኔ ሞተሩ ተነሳ፣ ይኸኔ መንደርደር ጀመረ፣ ይኸኔ ጎማው ለቀቀ እያልኩ ጨርቄን ጨብጫለሁ። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ አለፈ። ሼህ አማን ወደ አውሮፕላኑ ተመለሱ። «ያ አላህ፣ ክንፉን አጽናላት…»

ስልኬ ጮኸ። በኢንተርኔቱ አይደለም፣ በቀጥታ መስመር። የዱባይ ቁጥር።

«እማ! እንዴት ዋላችሁ? አባባ ደህና ነው?»

«ሀዊ! የት ነሽ?»

«ጓንዡ! አሁን አረፍን፣ ገና ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

«ውሸት ነው!»

«ምኑ?»

«አንቺ ገና አልተነሳሽም!»

«እማ፣ ደርሻለሁ እኮ ነው የምልሽ!»

«እንዴት ትደርሻለሽ? ዱዓው አላለቀም!»

ሼህ አማን እጃቸውን ሳያወርዱ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ጋሽ ተሰማ ግራ እጃቸውን አዩ፣ ቀኝ እጃቸውን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ። «አይቻልም» አሉ። «በፍጹም አይቻልም።»

«ማናቸው?» አለች ሀዊ።

«ጋሽ ተሰማ ናቸው። በሒሳብ አልደረሰችም ይላሉ።»

«እማ፣ በስንት ሰዓት እነሳለሁ ነበር ያልኩሽ?»

«በሦስት ከሩብ። እኔ ግን ወደ እኛ ሰዓት ቀየርኩት።»

ሳቋ እንደ ማሽላ ፈነዳ። «ለአንቺ ብዬ ቀይሬ ነው እኮ የጻፍኩት! የመነሻውንም የመድረሻውንም በአሰላ ሰዓት!»

«እኔም ለአንቺ ብዬ ቀየርኩት!»

«ምንም መቀየር ሳያስፈልገው?»

«ሶፊያ ደግሞ አንድ ጨመረችበት።»

አጥሩ ጋ ገመዳ ለፈረሱ ሣር እየሰጠ ነበር። ወደ እኛ አልዞረም። ወደ ፈረሱ ጆሮ ጠጋ አለና፣ ሁላችንም እንድንሰማው አድርጎ፣ «ሦስት ካለች ሦስት ነው» አለው። ፈረሱ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰዓት የገባቸው እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሀዊ «ልውረድ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። ያቺ ብቸኛ ራይት በአንድ ጊዜ ጓደኛዋን አገኘች፤ ሃያ ሦስቱም መልእክቶች ግር ብለው ጓንዡ ገቡ። ያን ጊዜ ነው አሥራ ዘጠነኛዋ ትዝ ያለችኝ። ፊቴ ጋለ። ጩኮውን ለሰው ማቅረብ ጀመርኩ፤ ሁለቴ አቀረብኩላቸው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ደወለች። ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ ላይ ቆማለች።

«ሁሉንም ሰማኋቸው። ለሹፌሩም ቀስ በል ልለው ነበር፣ ከወረድኩ በኋላ ሆነብኝ።»

«ይሁን፣ ዋናው መድረስሽ ነው።»

«አሥራ ዘጠነኛዋንም ሰማኋት።»

የጩኮውን ሳህን ሦስተኛ ጊዜ አነሳሁ።

«እማ፣ ያን ቀን መናኸሪያ አይቼሻለሁ።»

«የት? እኔ አልመጣሁም!»

«ከአባባ ጋሪ ጀርባ ነበርሽ። ጋሪው ሸሽጎሽ ነበር፣ ከሥሩ ግን እግርሽ ይታያል። አረንጓዴው የላስቲክ ጫማሽ። አውቶቡሱ እስኪዞር ድረስ እሱን ሳይ ነበር።»

እናንተዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቅሁት ምስጢር በጫማ ተያዘ! ገመዳን አየሁት። ፈረሱን አየ።

«ታዲያ ለዚህ ነው እንዴ ጫማ ሱቅ የገባሽው?» አልኳት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ አፍንጫችንን ግን ሁለታችንም ጠረግን።

«አሁን መርቂኝ» አለችኝ። «ተራዬ ሳይደርስ።»

ስልኩን ወደ አፌ አቀረብኩ። ያየሽው አገር ይውደድሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ የመረጥሽው ጫማ ግራና ቀኝ ይሁንልሽ አልኩና እትፍ! እትፍ! አልኩ። አጠገቤ የነበረችው ሶፊያ ጉንጯን በሻሿ ጠረገች፤ እሷም አብራ ተመረቀች።

«ደረሰኝ» አለች ሀዊ።

ማታ ነገሩን ሳብሰለስለው ሳቄ መጣ። ልጄ ሰማይ ላይ ከሆነች በፍርሃት እሞታለሁ ስል ነበር። ለካ ሦስት ከሩብ ላይ እሷ ከመሬት ስትለቅ እኔ ድንቼን እቆፍራለሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሰማይ ላይ ሳለች እኔ የፈራሁላት መሬት ላይ ነው። የሰማዩን ፍርሃት አጠራቅሜ በአሥር ከሩብ ስጀምረው እሷ ለማረፍ ቀበቶዋን እያጠበቀች ነበር። አላህ ለፈሪ ሲያዝንለት ሰዓቱን ያሳስተዋል መሰለኝ።

ሼህ አማን ሲሰናበቱ «ዱዓው አይባክንም፣ ለመመለሻዋ ይያዝላት» ብለው ሄዱ። የመመለሻዋ መልእክት ትናንት መጣ፦ «እማ፣ ሐሙስ 4:20 ወደ ዱባይ እነሳለሁ። ጠዋት። በሐበሻ ሰዓት ነው። ቀይሬዋለሁ። እንዳትነኪው።»

አልነካሁትም። ጋሽ ተሰማ ካርቶን ይዘው ሲመጡ በር ላይ መለስኳቸው። ሶፊያ «ግን እኮ…» ስትል አፏን በጩኮ ያዝኩት። ስልኩንም አውጥቼ ለገመዳ ሰጠሁት፤ ማንበብ ስለማይችል ለሰዓት ከእሱ የተሻለ ጠባቂ የለም።

ሁሉም ነገር በቦታው ነው። አራት ከሃያ፣ ጠዋት፣ በሐበሻ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ እንቅልፍ ከለከለችኝ፦ «በሐበሻ» ስትል፣ የዱባዩን ሐበሻ ነው ወይስ የቻይናውን?